አሮጌውን ባትሪ ማን ገደለው?

አንድ ወዳጄ ከእንግሊዝ አገር ደወለልኝ። የሚኖረው በምሥራቃዊው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባት ሜትር ገደማ የምትረዝም አሮጌ የሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቷል፤ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣና ጸጥ ያለ ቦታ ላይ መልህቁን ጥሎ ያድራል። «ባትሪዋ እንደገና ሞተብኝ» አለኝ። «በስድስት ዓመት ሦስተኛዬ ነው እኮ! እስቲ ባክህ፣ ኪሴን የማይጎዳ ምን ልግዛ?»

የጀልባዋ ትንሽ ሞተር በገመድ ተጎትታ ነው የምትነሳው። ስለዚህ ይህ ባትሪ ሞተር የማስነሳት ሥራ የለበትም፤ የቤት ባትሪ ነው። መብራቱን፣ አቅጣጫ መሪውን ጂፒኤስ፣ የውሃ ፓምፑን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ችግር ቢመጣ በቻናል 16 «ድረሱልን» የሚባልበትን ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ይመግባል። ባትሪው ባሕር ላይ ካለቀ ጉዳዩ በጨለማ ከመቀመጥ ያለፈ ነው።

የሸራ ጀልባ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ሩቅ አይደለም። ገጠር ላለ ቤተሰብ ሶላር የገዛችሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ኢንቨርተር ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ፣ «ባትሪው በዓመቱ ሞተ» ብላችሁ የተናደዳችሁ ሁሉ ጥያቄውን ታውቁታላችሁ። ጀልባ ከመስመር የተነጠለች ትንሽ ቤት ናት፤ ያመረተችውን ብቻ ትበላለች።

ወዳጄ ከጥያቄው ጋር ሁለት ነገር ላከልኝ፦ ሱቅ ውስጥ ያየውን ባትሪ ተለጣፊ ፎቶና የእርሳስ-አሲድን ባትሪ ከሊቲየም ጋር የሚያወዳድር ሠንጠረዥ። እንዲህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ በብዛት ይሠራጫል፤ መደምደሚያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሊቲየም ውድ ይመስላል እንጂ ርካሹ እሱ ነው»። ሁለቱን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ውሸት ናቸው ለማለት ይከብዳል፤ እንደሚያሳስቱ ግን አልጠራጠርም። ይህ ሂስ በሁለቱም ላይ ነው።

ተለጣፊው የሚደብቀው

ተለጣፊው ላይ በትልቁ «100 አምፔር-ሰዓት» ይላል። በቀላሉ ሲተረጎም፣ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ታዲያ ልብ በሉ፤ ይህ እውነት የሚሆነው አቅሙ በ20 ሰዓት ከተለካ ነው። አንዳንድ አምራች በ100 ሰዓት ይለካና ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ቀስ ብለው ሲያልቡት ብዙ ይሰጣል፤ ቶሎ ቶሎ ሲያልቡት ጥቂት። ይህን ጠባይ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖይከርት በ1897 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በቀመር አስቀምጦታል። በመቶ ሰዓት ሲለካ «100» የተባለ ባትሪ በሃያ ሰዓት ሲለካ 85 ወይም 90 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አጠገብ «ሲ20» ወይም «ሲ100» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ካለች እሷን ፈልጉ። ከሌለች ሻጩን ጠይቁ።

ከቁጥሩ ሥር «ለመዝናኛ ተሽከርካሪና ለጀልባ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ የማስታወቂያ ቃል ነው እንጂ የምሕንድስና ቃል አይደለም። የመኪና ባትሪ ቀጫጭንና ብዙ የእርሳስ ፕሌቶች አሉት፤ ለጥቂት ሰከንድ ኃይለኛ ከረንት ለሞተሪኖ ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተሠራው። ደጋግሞ ወደ ግማሽ መውረድ ሥራው አይደለም፤ ፕሌቶቹ ቶሎ ይረግፋሉ። የቤት ባትሪ ፕሌቶች ወፍራም መሆን አለባቸው። ገበያው ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ «የመዝናኛ» ባትሪዎች ግን መጠነኛ ማሻሻያ የተደረገባቸው የመኪና ባትሪዎች ናቸው። ተለጣፊው ሞተር የማስነሻ አምፔሩን በትልቁ ጽፎ የሚኩራራ ከሆነ፣ ማንነቱን ራሱ እየነገራችሁ ነው።

ችግሩ የታወቀ ስለሆነ በብሪታንያ የካራቫን ኢንዱስትሪው ማኅበር የእነዚህን ባትሪዎች የተለጣፊ ቁጥር እየመረመረ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» በሚል የሚመድብበት ሥርዓት ዘርግቷል። «ኤ» ከመስመር ርቀው ለሚያድሩ ሰዎች ነው። ለጀልባም የሚጠጋው እሱ ነው።

ማረጋገጫ በሌለበት ቦታ ደግሞ ሚዛን አለላችሁ። እርሳስ ከባድ ነው፤ አቅምም ያለ እርሳስ አይመጣም። ትክክለኛ 100 አምፔር-ሰዓት ያለው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ክብደቱ ከ23 እስከ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። «100» ተብሎ 17 ኪሎ ከመዘነ፣ የጎደለውን እርሳስ በወረቀት ነው የሞሉት።

ሠንጠረዡና የታወቀው ስሌት

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንምጣ። ስሌቱን ለማሳየት የሚመቹ ክብ ቁጥሮች ልውሰድ። አንድ መቶ አምፔር-ሰዓት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ 100 ፓውንድ፣ ተመጣጣኙ ሊቲየም ብረት ፎስፌት 250 ፓውንድ ነው እንበል። የእናንተ ገበያ ዋጋ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩና ስሌቱን ድገሙት።

የእርሳሱን ባትሪ ከግማሽ በታች ባናወርደው በአንድ ዑደት 0.6 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ እናገኛለን። 300 ዑደት ቢሠራ በዕድሜው 180 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ሊቲየሙን 80 በመቶ ድረስ ማውረድ ስለሚቻል በአንድ ዑደት 1 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ 3,000 ዑደት ቢሠራ 3,000 ኪሎዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። ዋጋውን ስናካፍል እርሳሱ በኪሎዋት-ሰዓት 55 ፔንስ፣ ሊቲየሙ 8 ፔንስ ገደማ ይመጣል። ሊቲየም ሰባት እጥፍ ረከሰ! ሠንጠረዡ እዚህ ላይ ያጨበጭብና ያበቃል።

አርቲሜቲኩ ልክ ነው። የተሳሳተው ከአርቲሜቲኩ በፊት ያለው ግምት ነው። ስሌቱ ባትሪው የሚሞተው በሥራ ብዛት ብቻ ነው ብሎ ይነሳል። እውነት ወዳጄ ባትሪውን እስኪያልቅ ይሠራበታል?

የጀልባዋን የቀን ፍጆታ አብረን ቆጠርን። ሦስት የኤልኢዲ መብራቶች ለአራት ሰዓት፦ 2 አምፔር-ሰዓት። ሌሊቱን የሚበራው የመልህቅ መብራት፦ ከ2 በታች። ሬዲዮው ቀኑን ሲያዳምጥና አልፎ አልፎ ሲናገር፦ 3.5። ጂፒኤሱ፦ 4። ሁለት ስልክ፦ 2.5። የውሃ ፓምፕ፦ ግማሽ። ማቀዝቀዣ የለም። በጠቅላላው 15 አምፔር-ሰዓት እንበለው፤ በ12 ቮልት 0.18 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። በዓመት 30 ሌሊት ያድርባታል፦ 5.4 ኪሎዋት-ሰዓት።

እንግዲህ አካፍሉ። የእርሳሱን ባትሪ በሥራ ለመጨረስ 33 ዓመት ይፈጅበታል። ሊቲየሙን ለመጨረስ ከ550 ዓመት በላይ! በአፄ በእደ ማርያም ዘመን የተገዛ ባትሪ ዛሬ ገና ባላለቀ ነበር ማለት ነው። ሠንጠረዡ ለወዳጄ የሸጠለት ርካሽነት መቼም የማይጠቀምበትን ሥራ አስቀድሞ መግዛትን ነው። ሃምሳ ኩንታል ጤፍ በጅምላ ቢገዙ ኪሎው ይረክሳል፤ በላተኛው ሁለት ሰው ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው?

ሦስት ሞቶች

ባትሪ በሦስት መንገድ ይሞታል፦ በድካም፣ በእርጅና እና በረሃብ።

ድካም ሠንጠረዡ የሚያውቀው ሞት ነው፤ ዑደት በዑደት ላይ ሲደራረብ ፕሌቶቹ ይረግፋሉ።

እርጅና ቆሞም ይመጣል። ውስጡ ያለው ብረት ቀስ በቀስ ይዝጋል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በእርሳስ-አሲድ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል የቆየ የባለሙያ ልማድ አለ። ሊቲየምም ቢሆን ተቀምጦ ያረጃል።

ረሃብ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ልዩ በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ከሠራው ጊዜ ጀምሮ አብሮት የኖረ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በፕሌቶቹ ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ደቃቅ ጨው ይፈጠራል። ወዲያው ከተሞላ ጨውው ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን፣ ማር ሲቆይ ስኳር እንደሚይዘው፣ ደቃቁ ጨው ወደ ትልልቅ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ቻርጀርም አይመልሰው። ፕሌቱ ይሸፈናል፣ አቅሙ ይወርዳል። «ሞተ» የምንለው ይህን ነው።

ይህን በሽታ ከባድ የሚያደርገው የመጨረሻዋ አምስተኛ እጅ ናት። ባትሪው እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላል፤ ቀሪውን 20 በመቶ ግን 14.4 ቮልት አካባቢ ላይ ተይዞ ለበርካታ ሰዓታት ቀስ እያለ ነው የሚጠጣው። «ለአንድ ሰዓት ሞላሁት እኮ» ማለት አያድንም።

ወዳጄን ጠየቅሁት፦ «በምን ነው የምትሞላው?»

«በሞተሩ። ስወጣ ግማሽ ሰዓት፣ ስመለስ ግማሽ ሰዓት አስነሳዋለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ትንሽ የጀልባ ሞተር ያላት ዲናሞ በደህና ስትዞር 6 አምፔር ብትሰጥ ነው። በሁለቱ ግማሽ ሰዓቶች 6 አምፔር-ሰዓት፤ ቤተሰቡ በሁለት ቀን የሚበላው 30። ከዚያ ጀልባዋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታስራ ትቆማለች። ባትሪው ጾሙን ይውላል፣ ጾሙን ያድራል። ክረምቱንም በዚያው ይከርማል። ሦስቱም ባትሪዎች የሞቱት በሁለት በሁለት ዓመት ነው። ሦስቱንም ሥራ አልገደላቸውም፤ ረሃብ ነው። አራተኛም ቢገዛ ከተመሳሳይ ዓይነት መቃብሩ ያው ነው።

ለሊቲየም ልመስክርለት

ሂስ አንድ ወገን ብቻ መሆን የለበትም። ሊቲየም ብረት ፎስፌት፣ በ1997 የጆን ጉድኢናፍ ቡድን ቴክሳስ ውስጥ ያስተዋወቀው ማዕድን፣ ረሃብ አይገድለውም። እንዲያውም በግማሽ ተሞልቶ መቀመጥ ይስማማዋል። ክብደቱ ከእርሳሱ ግማሽ አይሞላም፤ ለትንሽ ጀልባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አንዳንዶቹ የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየሞች በቀላሉ በእሳት የሚያያዝም አይደለም።

ስለዚህ ወዳጄ ምንም ሳይለውጥ የሚቀጥል ከሆነ ሠንጠረዡ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ መልስ ሰጥቶታል። በሁለት ዓመት የሚሞት እርሳስ በዓመት 50 ፓውንድ ያስወጣል፤ አሥር ዓመት የሚኖር ሊቲየም 25። ግን ሌላ መንገድም አለ። 50 ዋት የሶላር ፓኔል ከመቆጣጠሪያው ጋር ቢያስር፣ በእንግሊዝ በጋ በቀን 12 አምፔር-ሰዓት ያህል ያገኛል። ቅዳሜና እሁድ የጎደለውን ሰኞና ማክሰኞ ጀልባዋ ቆማ ትሞላዋለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ጢም ብሎ እንዲቆይ ትጠብቀዋለች። ያን ጊዜ ያው 100 ፓውንዱ እርሳስ አምስት ዓመት ቢኖር በዓመት 20 ፓውንድ ነው። ሊቲየሙ ይህን ለመስተካከል አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል መኖር አለበት። ፓኔሉስ አይቆጠርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቆጠራል፤ ግን ከባትሪው ዕድሜ በኋላም ለቀጣዩ ባትሪ ያገለግላል፤ ደግሞም ሊቲየም ቢገዛ እሱም ኃይል የሚያገኝበት ያስፈልገዋል። ባዶ ሊቲየም ሬዲዮ አያስነሳም።

ሠንጠረዡ የዘለላቸው ሁለት ወጪዎችም አሉ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ የሊቲየም ብረት በፕሌቱ ላይ ይለጠፍና ይጎዳዋል። ቢኤምኤስ የሚባለው የውስጥ ዘበኛው ይህን የሚከለክል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አሮጌ ቻርጀርም ላይስማማው ይችላል፤ ትልቅ ሞተር ባላቸው ጀልባዎች ደግሞ ያለ ልክ ከረንት እየሳበ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል።

ስሌቱ የሚገለበጥበት ቤት

አሁን ያንኑ ሁለት ባትሪ ከእንግሊዝ ጠረፍ አንሡና ሶላር ባለው አንድ የገጠር ቤት አስቀምጡት። አራት መብራት፣ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ የጎረቤት ስልክ ጭምር፦ በሌሊት 0.3 ኪሎዋት-ሰዓት እንበል። እዚህ ግን ሌሊቱ 30 ሳይሆን 365 ነው። በዓመት 110 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። የእርሳሱ 180 በሃያ ወር አካባቢ ያልቃል፤ ቆላ ከሆነ ሙቀቱ ይህንንም ያሳጥረዋል። በዓመት 60 ፓውንድ ያህል ማለት ነው። ሊቲየሙ አሥር ዓመት ቢኖር 25። እዚህ ቤት ሠንጠረዡ ትክክል ነው፣ ያውም በሰፊው።

ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ሶላር ስትገዙ «ርካሹን ልላክና ሌላ ጊዜ እቀይረዋለሁ» የምትሉ፣ ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩ። በዓመት 30 ሌሊት የሚያድር ጀልበኛ በርካሹ ይድናል። በየሌሊቱ የሚያበሩት እናታችሁ ግን በርካሹ ይከስራሉ።

ሠንጠረዡን የምተቸው ለዚህ ነው። «የቱ ባትሪ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ጥያቄው «የእኔን ባትሪ የሚገድለው ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

እንግዲህ እንዴት ይገዛ?

በመጀመሪያ አሮጌውን መርምሩት። ሙሉ ቀን ሙሉት፣ አንድ ሌሊት ከሁሉም ነቅላችሁ አሳድሩትና በቴስተር ለኩት። 12.7 ቮልት አካባቢ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፤ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ቮልቱ ደህና ቢሆን እንኳ አቅሙን አይነግራችሁም፤ ስለዚህ 60 ዋት የሚጠጋ የመኪና የፊት አምፖል እሰሩበት፤ 5 አምፔር ያህል ይስባል። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከጨርቅ አርቁት። ደህና የሆነ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከስምንት ሰዓት በኋላም 12 ቮልት አካባቢ ይሆናል። በሦስትና በአራት ሰዓት 11.5 ከደረሰ እውነትም ሞቷል። አንዳንዴ ግን የሞተው ባትሪው ሳይሆን የዛገ ማሰሪያ ወይም የቀጠነ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ወጪው የአንድ ብሩሽ ዋጋ ነው።

ቀጥሎ ፍጆታችሁን እኛ እንዳደረግነው በወረቀት ቁጠሩ፤ የምትመልሱትንም ቁጠሩ። የሚመለሰው ከሚወሰደው ካነሰ የትኛውም ባትሪ አያድናችሁም።

ለወዳጄ የመከርኩት ይህን ነው፦ የ20 ሰዓት አቅሙ የተጻፈበት፣ ክብደቱ የሚያሳምን፣ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ-አሲድ ባትሪና 50 ዋት ፓኔል። የሸራ ጀልባ ስለምታጋድል ባትሪው በሳጥን ተደርጎ በቀበቶ ይታሰር፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ያግኝ። ልጆች የሚተኙበት አልጋ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ግን ጥቂት ጨምሮ አሲዱ የማይፈስሰውን ኤጂኤም መግዛት ይሻላል። ፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ ይኑር። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማጣመር ክልክል ነው፤ ሽማግሌው ወጣቱን ይዞት ይወርዳል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተለቃቀመ ሊቲየም ደግሞ በነፃ ቢሰጣችሁም ጀልባ ላይ አታስገቡ። ባሕር ላይ እሳት ከተነሣ መሸሻ የለም።

አሮጌውንም አትጣሉት። እርሳሱ ዋጋ አለው፤ የሚረከቡ ቦታዎች ይከፍሉበታል። ቤት ውስጥ መስበርና ማቅለጥ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ወዳጄ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «እንዴ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁህ ስለ ዋጋ ብቻ ነበር» አለኝ። የመለስኩለትም ስለ ዋጋ ነው። በስድስት ዓመት ሦስት ባትሪ የገዛ ሰው የጎደለው ርካሽ ባትሪ አልነበረም። እናንተም ባትሪያችሁ ሲሞት ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆማችሁ ጠይቁ፦ ደክሞ ነው፣ አርጅቶ ነው፣ ወይስ ተርቦ?